ወሬ ያልደረሰበት መንገድ

ከሞጣ ቢቸና ድረስ በእግሩ የሚሄድ ሰው ከአብዱልሐኪም ሌላ የቀረ አይመስልም። አውቶቡሱ ጡሩምባውን እየነፋ ያልፈዋል፤ ረዳቱም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይስቅበታል። ድሮ ጨርቅ በበቅሎ ጭኖ ገበያ ለገበያ ሲዞር ምክንያት ነበረው። አሁን ሱቁን ለልጁ ለኸይረዲን አስረክቧል፤ የሚሸጠውም የሚገዛውም የለም። «ምን ልትሠራ ነው?» ሲሉት «እግሬን ላፍታታ» ይላል። ውሸቱን ነው።

ሚስቱ ጀዋሂር ከሞተች አራት ወሯ ነው። ቀብሯ ላይ አላለቀሰም፤ ከዚያም ወዲህ አላለቀሰም። አርባ ዓመት አብሯት ኖሮ አንዲት ዘለላ ዕንባ እንኳ ሳያፈስላት ሲቀር ራሱን ፈራው። ሞጣ ውስጥ ያገኘው ሁሉ «አላህ ያጽናህ» ይለዋል፤ የሚያጽናኑት ሐዘን ግን ውስጡ የለም። መንገድ ላይ ማንም ምንም አይለውም። ብቻውን ሲሆን ዳገቱ ዳገት ነው፣ ጥማቱም ጥማት ነው፤ ሌላ ነገር እንዲሰማው የሚጠብቅበት የለም።

ከግንደወይን ወዲያ ፋንታና ሚስቱ ይርጋነሽ ቤት ያድራል። ሃያ ዓመት ያደረበት ቤት ነው። የዚያን ቀን፣ ከጀዋሂር ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደርስ፣ ፋንታ ቢቸና ገበያ ወርዷል። ይርጋነሽ እግሩን እያጠበችው ጠየቀችው።

«ጋሽ አብዱልሐኪም፣ ጀዋሂር ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት» አለ።

መርዶ ሽማግሌ ተይዞ ማለዳ የሚነገር ነገር ነው፤ ብቻውን የመጣ መንገደኛ የራሱን መርዶ እንዴት ብሎ ይናገር? ደግሞስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ቤት እንኳ በሕይወት መኖሯን አልጠላውም።

ፋንታ አመሻሽ ላይ ገባ። ሰላም ሲለው ዓይኑን ሸሸ፤ ወዲያው ከሚስቱ ጋር ጓዳ ገብተው ተንሾካሾኩ። አብዱልሐኪም «ውሸቴ ታወቀ» ብሎ አሰበ። ማፈር ይገባው ነበር፤ አላፈረም። ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሱት። ደጁ ላይ ሦስት ጎረቤቶች ቆመዋል፤ ይርጋነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ፋንታ አጠገቡ ተቀምጦ ትከሻውን ያዘው።

«ወንድሜ፣ እንግዲህ ጠንከር በል። ትናንት ገበያ ላይ አንድ የሞጣ ሰው ነገረኝ። አንተ መንገድ ከወጣህ በኋላ ነው መሰለኝ። ጀዋሂር አርፋለች።»

አብዱልሐኪም «አውቃለሁ» ሊል አፉን ከፈተ።

«መቼ?» አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ በፋንታ ጉልበት ላይ ተደፍቶ ፀሐይ እስክትወጣ አለቀሰ።