ዘይነባ ፊልም ያየችበት ምሽት

ትናንት ከሚሴ አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። ልጇ ያንን የድሮ ተከታታይ ፊልም በስልኩ ከፈተላት። የመግቢያውን ሙዚቃ ስሰማ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበራት አክስቴ ብቻ ናት። ፊልሙ እንግሊዞች ከቅኝ ግዛታቸው ሲወጡ ያሳያል። አንድ ምሽት እሷ ቤት ሆነን ስናይ፣ ጌቶቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ፣ ዕድሜ ልኩን ያገለገላቸው ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ ቀረ። አክስቴ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "ወላሂ፣ እነዚህ ሰዎች አንጀት የላቸውም" አለች።

ዘይነባ ሻይ ይዛ ገባች። ከጨፋ የመጣች፣ እናት አባት የሌላት የአክስቴ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ እኩያዬ ናት። ሽማግሌውን ስታይ ራሷን ረስታ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

"ጃርሲ ኤሳ ዴማ?" አለችኝ ቀስ ብላ። ሽማግሌው የት ይሄዳል ማለቷ ነው።

አክስቴ ዞር ብላ በጥፊ አጮለቻት። ትኩሱ ሻይ እግሯ ላይ ፈሰሰ።

"ማን ተቀመጪ አለሽ? ዛሬ ምንጣፌ ላይ፣ ነገ አልጋዬ ላይ ልትወጪ ነው?"

የአልጋው ነገር ያኔ አልገባኝም። ወዲያው ልብሷን በፌስታል አስያዘቻት።

"የት ልሂድ፣ እትዬ?"

"ወደ መጣሽበት።"

ዘይነባ እያነከሰች ወጣች። እኛ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየን።

ትናንት አክስቴን "ዘይነባ የት ደረሰች?" ብዬ ጠየቅኳት።

"የትኛዋ?" አለችኝ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል። "እዚህ ቤት ስንቷ አልፋለች።"