«ዝናብ አትወድም»

ባሕር ዳር ከቤቴ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር ሴት አለች፤ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ሸቀጧን በላስቲክ ሸፍና ደጃፌ ትጠለላለች። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ላስቲኩ ላይ ጧ ጧ ሲሉ የሰፈሩ ሰው «ተመስገን፣ ቀዘቀዘልን» ይላል፤ እኔ ግን ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል፣ የያዝኩትን ትቼ ጓዳ እገባለሁ፣ ማንም ሳይሰድበኝ ራሴን እሰድባለሁ። አርባ ሊሞላኝ ምን ቀረኝ? ዛሬም አልለቀቀኝም።

ያደግሁት በሱዳን ድንበር በኩል ባለች የቆላ ከተማ፣ ገንዳ ውሃ ነው። እናቴ ነርስ ስለነበረች ከተማው በሙሉ «ሲስተር» ነበር የሚላት። ትውልዷ ከደባርቅ በላይ፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ከሚዘልቅበት ደጋ ሲሆን፣ ለሥራ ተመድባ ቆላ ወርዳ፣ ትራክተር ነጂ የነበረውን አባቴን አግብታ በዚያው ቀረች። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ እናቷ ሞተችባትና ለቀብር ወጣች። ስትመለስ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ተክል ይዛ መጣች። ከእናቷ ቤት በላይ ካለው ገደል፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነበር የነቀለቻት። ቅጠሏ ክብ፣ ዳር ዳሩ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። ስሟን የሚያውቅ ስላልነበረ እናቴ «የአለት ልጅ» ትላት ነበር፤ እናቷ በልጅነቷ ነጫጭ አበባዋን እየቀጠፈች ጸጉሯ ላይ ትሰካላት እንደነበር የነገረችኝም ያን ቀን ነው።

በዚያ በጋ እናቴ ከአንድ ከብት አርቢ ከግንድ የተፈለፈለ አሮጌ የከብት ማጠጫ ገንዳ ገዛች። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ የገንዳውን ሥር አምስት ቦታ አስበሳችው። «ሴትዮ፣ ገንዳ የሚገዛው ውሃ ሊይዝ አይደለም እንዴ?» ቢላት፣ «የኔ ውሃ ማሳለፍ ነው ያለበት» ብላ ጠጠርና አሸዋ ከትንሽ አፈር ጋር ሞላችበት፣ ድንጋዮችን አቁማ በመሃላቸው ያቺን ተክል ወተፈቻት። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ እየመጡ አይተው ሄዱ። በሳምንቱ ትምህርት ቤት ስሜ ተቀይሮ «የድንጋይ አጠጪዋ ልጅ» ሆኖ ጠበቀኝ። ደገኛ መባሉስ የተለመደ ነበር፣ ይኼኛው ግን አንጀቴ ድረስ ገባ።

ሚያዝያ ሲመጣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግል ነበር፤ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ጥላ ትፈልጋለች። እናቴ ገንዳውን ግቢያችን ውስጥ ወዳለው የኒም ዛፍ ሥር አስጎትታ፣ ሱዳኖች ውሃ የሚያቀዘቅዙበትን ዚር የሚባለውን ትልቅ የሸክላ ጋን ከበላዩ አስቀመጠችበት፤ ጋኑ ሲያልበው ቀዝቃዛው ጠብታ በድንጋዮቹ ላይ ይንጠባጠባል። ከሥራ ደክማ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ እዚያ ሄዳ ታጎነብስ ነበር። «እንዴት ዋልሽ?» የምትለው ለእኔ ይሁን ለተክሏ እርግጠኛ አልነበርኩም፣ ስለዚህ አልመልስላትም ነበር። እንዲያው ምቀኛ ነበርኩ ብል ይቀለኛል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ የባሰው ይመጣል። ቆላ ውስጥ ዝናብ ሲጥል ሰው በርሜሉን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ሁሉ ደጅ ያወጣል፤ እናቴ ግን በጋውን ሙሉ ውሃ ስታጠጣ የከረመችውን ተክል በላስቲክ ትሸፍናት ነበር። እኔም የሽፈናው ሥራ ተሰጠኝ። «አየሽ ልጄ፣» ትለኝ ነበር፣ «እሷ የገደል ልጅ ናት፤ ውሃው በላይዋ አልፎ መሄድ አለበት። ከተኛባት ሥሯ ይበሰብሳል። ይኼን ዶፍ አትወድም።» እሺ እያልኩ ሸፍኜ፣ ሰው ሳያየኝ ሮጬ ቤት እገባ ነበር።

በሦስተኛው ክረምት፣ አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ሳለ፣ ተክሏ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያነሱ እምቡጦች አወጣች። እናቴ እጄን ይዛ ወስዳ አሳየችኝ፤ ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ይፈካል፤ እናቴን አያታለሁ በይኝ» አለችኝ። እንደዚያ ስታወራ ሰምቼያት አላውቅም ነበርና አፈርኩ።

በዚያው ሳምንት ግን ዝናቡ ቀጥ አለ። ሰሊጥ ተዘርቶ ገና ብቅ እያለ ስለነበር ገበሬው በጭንቀት ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። እናቴ ለክትባት ወደ ገጠር ስትወጣ፣ «ደመና ካየሽ ሸፍኛት፣ አደራሽን» ብላኝ ሄደች። በማግስቱ ከሰዓት ደመና ቢጤ ታየና ላስቲኩን እየዘረጋሁ ሳለ፣ ባለቤታቸው ሰሊጥ የዘሩት ጎረቤታችን እትዬ እናኑ፣ ከሁለት የክፍሌ ልጆች ጋር በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው ይኼን ትሸፍኛለሽ?» አሉኝ።

ተክሏን ማለቴ ነበር፤ «ዝናብ አትወድም» አልኳቸው።

እትዬ እናኑ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «አትወድም? ሲስተር ዝናብ አትወድም? ወይ ጉድ! የኛ ሰሊጥ እየነደደ!»

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። «ተክሏን ነው» ማለት ምን ይከብደኝ ነበር? ግን ልጆቹ ቆመው ያዩኛል፤ ዝናብ ስለማትወድ ተክል ብናገር እስከ መስከረም ድረስ መሳቂያ እንደሚያደርጉኝ አውቄዋለሁ። ጎንበስ ብዬ የላስቲኩን ዳር በድንጋይ መጫኔን ቀጠልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔን ያዋረደኝ ግን ያልወጣው ነው።

ወሬው በሁለት ቀን ገበያውን ዞረ፦ ሲስተር ዝናብ አስራለች፣ ደመና ባየች ቁጥር ታስሸፍናለች፣ የገዛ ልጇ ተናግራለች። ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው ያዩኝ ነበር። እናቴ ለአንድ አዳር ተመልሳ መጥታ፣ በጠዋት ልጇን ልታስወጋ የመጣች ሴት የእሷን ፊት እንዳየች ሳታስወጋ መመለሷን ስትነግረኝ፣ «ምን አድርጌያቸው ይሆን?» እያለች እኔኑ ጠየቀችኝ። «እኔ እንጃ» አልኳት። እንጀራ አቅርባልኝ ነበር፣ በላሁም።

እንደገና ወደ ገጠር በወጣች ማግስት ከመንደሩ ዐይን ልገላገል ብዬ ላስቲኩን ከገንዳው ገፈፍኩና አጣጥፌ ከአልጋዬ ሥር ከተትኩት፤ ሰው ሁሉ ይይልኝ፣ እናቴ ምንም አላሰረችም ልል ነው። እናቴን ላድን ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ያዳንኩት ራሴን ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። እትዬ እናኑ ደጅ ወጥተው እልል ሲሉ ሰማኋቸው፦ «ለቀቀችው! ሲስተር ለቀቀችው!» የገንዳው ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ውሃው እስከ አፉ ሞላ፣ እምቡጦቹ ተንሳፈፉ። በመስኮት አየሁ። ላስቲኩ እዚያው አልጋዬ ሥር ነበር። መውጣት አልቻልኩም፣ እልልታው ሳያበቃ ላስቲክ ይዤ ማን ፊት ልቆም?

ወንዙ ሞልቶ ስለነበር እናቴ በአምስተኛው ቀን ደረሰች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ኒሙ ሄደች። ቅጠሉን ስትነካው በእጇ ላይ ሟሟ። ጭቃውን እየጠረገች ብዙ ጊዜ ተቀመጠች፤ ከዚያ፣ «ነፋሱ ላስቲኩን ወስዶብሽ ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«አንቺ ምን ታደርጊ። የኔ ጥፋት ነው፣ ያለ ቦታዋ ያመጣኋት እኔ ነኝ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። በዚያን ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እትዬ እናኑ በነጋታው የቡና ቁርስ ይዘው መጥተው ሲያመሰግኗት እንኳ ለምን እንደሆነ ሳይገባት፣ «ኧረ እኔ ምን አደረግሁ!» እያለች ተቀበለቻቸው። ያን ዓመት ሰሊጡ ጥሩ ሆነ።

ዛሬ እናቴ ጡረታ ወጥታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ያኔ የሰፈር ልጆችን ሳቅ የምፈራ ልጅ ነበርኩ፣ ዛሬ የምፈራው ሰው የለም፤ ሁለት ልጆች ወልጄ «እውነቱን ተናገሩ» እያልኩ አሳድጋለሁ። እንግዳ በመጣ ጊዜ ጨዋታው ስለ አበባ ከሆነ እናቴ ቀድማ፣ «እኔማ እጄ ለተክል አይሆንም» ትላለች። «የእናቴን ማስታወሻ፣ አንዲት ፍሬ ተክል፣ ከደጋ ቆላ አውርጄ በዝናብ የገደልኩ ሞኝ እኮ ነኝ!» ራሷን እየወቀሰች በምታወራው እንግዶቹ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ አብሬያቸው እስቃለሁ።