ቁልፍ ሠሪውና አሥራ ሁለተኛው በር

ሰፈሩ በሙሉ «ጣጣ የለውም» ብሎ ነው የሚጠራው። ቁልፍ ጠፋብኝ የሚለውን፣ በር ተዘጋብኝ ብላ የምታለቅሰውን፣ ሁሉንም «ጣጣ የለውም!» እያለ ሲያጽናና ኖሮ ቃሉ ስሙ ሆኖ ቀረ። በሙያው እውነቱን ነው፤ ጣጣ አልነበረውም። አንድ ያረጀ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ሁለት እጅ ቢዘረጉ ግራና ቀኝ ግድግዳ በምታስነካ ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ ቀርጿል። ያስራል፣ ይሞርዳል፣ እፍ ይላል፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ጥፋቱ ይህንኑ ቃል ገንዘብ ላይም ማዋሉ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሱቁ ፊት ለፊት ስልሳ ቤት ያለው ሕንፃ መሠራት ሲጀምር ነው። የግንባታው ፎርማን ከሱቁ ደጅ የሚቀመጠው ሊስትሮ ዘንድ ጫማ ሊያስጠርግ ጎራ እያለ ያጫውተዋል፤ አንድ ቀን በሮቹ ላይ የሚገጠመውን ቁልፍ ናሙና አምጥቶ አሳየው። የእኛ ሰው ሌሊቱን አልተኛም። ስልሳ ቤት፣ በየቤቱ ቢያንስ አራት ሰው፣ ሠራተኛዋ አለች፣ የሚጥለው አለ፣ የሚረሳው አለ። በማግሥቱ ተበድሮ የኤሌክትሪክ መቅረጫ ገዛ። በላዩ ላይ ለዚያ ለአንድ ዓይነት ቁልፍ ብቻ የሚሆን ጥሬ ቁልፍ፣ ገና ጥርስ ያልወጣለት፣ ስድስት ካርቶን አስገባ። ሚስቱ «ሰዎቹ መጀመሪያ ይግቡ እንጂ» ብትለው ምን እንዳላት ታውቃላችሁ።

ሰዎቹ ገቡ። የሕንፃው ባለቤት ግን በመጨረሻው ሰዓት ሐሳቡን ቀይሮ በሮቹን በሙሉ በጣት አሻራ የሚከፈቱ አድርጓቸው ነበር። ነዋሪው ጣቱን ይዞ ገባ፣ ጣቱን ይዞ ወጣ። ጣት ደግሞ ታክሲ ውስጥ አይረሳም፤ ትርፍ ይቀረጽልኝ ብሎ የሚመጣም የለም። ስድስቱ ካርቶን ከመደርደሪያው ሥር እንደተደረደረ ቀረ።

በዚህ ላይ ቢያቆም፣ ቢያዝን፣ ቢያፍር፣ መቅረጫውን በርካሽ ሸጦ ቢገላገል ጥሩ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። እሱ ግን የመጀመሪያውን ብድር ለመክፈል ሁለተኛ ተበደረ፤ ከድጡ ወደ ማጡ። ሁለተኛውን ያበደረው ሰውዬ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ንጹሕ ቢሮ አለው፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ እስክሪብቶ በቀር ምንም አይታይም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሁሉንም «ወንድሜ» ነው የሚለው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው።

«ዋስ ብቻ አምጣልኝ፣ ወንድሜ» አለው። «ቤት ያለው ሰው ቢሆን ይመረጣል።»

ቤት ያላት አንዲት ሰው ብቻ ነበረችው፤ እትዬ። በዘጠኝ ዓመት የምትበልጠው እህቱ ናት፤ እናታቸው ስትሞት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ እሱ ሰባት። ያሳደገችው እሷ ናት፣ ፊደል ያስቆጠረችውም። አባታቸው ሲሞት ለእሱ ሱቋን፣ ለእሷ ባለ ሁለት ክፍሏን ቤት ተወላቸው። አላገባችም። ሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ የበሽተኛ አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ የእጇ ቆዳ ከበረኪናው ብዛት እንደ ወረቀት ሳስቷል። ወረቀቱን ይዞላት የሄደው ሥራ ቦታዋ በር ላይ ነው፣ በምሳ ሰዓት፣ ቸኩላ ሳለች።

«ስንት ነው?» አለችው።

«ሠላሳ ሺህ። ለስሙ ያህል ነው እኮ፣ እትዬ።»

ወረቀቱ ላይ ያለው ዘጠና ነበር። መነጽሯ ውስጥ ቀርቷል። «አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው» ብላ በቁሟ፣ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ፈረመችለት። እሱም በስድስት ወሩ «ተከፍሎ አለቀ» አላት። እሷ አመሰገነች፤ እሱ ምሳ በልቶ ሄደ።

አልተከፈለም። መክፈል ሲያቅተው ከፍርድ ቤት ማስጠንቀቂያ መምጣት ጀመረ። ደብዳቤው ለእትዬ ነው፤ እሷ ግን ቀን ቤት አትገኝም። መልእክተኛው ደግሞ የሱቁ ደንበኛ ስለሆነ «ለእህትህ ስጣትና እዚህ ላይ አስፈርምልኝ» ብሎ ትቶለት ይሄዳል። እጁ እየተንቀጠቀጠ በእሷ ስም ፈረመ። ደብዳቤውን ካርቶኖቹ ሥር ከተተው። ሁለተኛው መጣ፣ ፈረመ። ሦስተኛው ሲመጣ እጁ መንቀጥቀጡን ትቶ ነበር፤ ይህ ራሱ ከሁሉም በላይ አስፈራው።

አበዳሪው አስጠርቶ አነጋገረው። «አንተ እጅ አለህ፣ ወንድሜ፤ እኔ ደግሞ በር አለኝ» አለው። ያልከፈሉ ሰዎች በር ማለቱ ነው። ፍርድ ቤት ሲወስንለት ከአስፈጻሚው ጋር ሄዶ ቁልፉን የሚከፍት ሰው ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ በር ከዕዳው ላይ ይቀነስለታል። «የእህትህ ፋይል እስከዚያ ይተኛል» አለው። በቃል ብቻ። የእኛ ሰው ደስ ብሎት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። የሚቀነሰው ከወለዱ ያነሰ መሆኑን ያወቀው ከብዙ በር በኋላ ነው።

እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ በር ከፈተ። አሠራሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጭነት መኪና፣ ሁለት ወዛደሮች፣ ማኅደር የያዘው አስፈጻሚ። በሩ ይከፈታል። ሰው ካለ አስፈጻሚው የፊርማውን ቅጂ አውጥቶ «ማስጠንቀቂያው ደርሶዎታል? ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰዎቹ አዎ ይላሉ። ከዚያ ዕቃው ይወጣል። አልጋ ከቤት ውጭ ሲታይ እንዴት እንደሚያንስ!

አራተኛው በር የአንድ ደንበኛው ነበር። አድራሻውን ዋዜማውን አንብቦ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ነጋ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ማንበብ ተወ። ጠዋት ከአበዳሪው ጸሐፊ እጅ እንደታጠፈ ይቀበልና እንደታጠፈ ለሾፌሩ ያቀብላል። ካላነበበው ሌሊቱን የሚተኛ መስሎት ነው። ስምንተኛው በር ላይ፣ ቁልፉ ዞሮ በሩ ሲከፈት፣ አንድ አዛውንት ከበሩ ጀርባ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆመው አገኛቸው። አንድ ጫማ አድርገዋል፤ ሌላውን እንዳይሰማባቸው በእጃቸው ይዘውታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃቱ ቤቱ ገባ። የራሱ በር ላይ ሁለት ቁልፍ ጨመረ፣ ሦስት ሆነ። ደረጃ ላይ ኮቴ ሲሰማ ምግቡን ከአፉ ሳያደርስ ያቆማል።

«ሌባው ምናችንን ሊወስድ ነው፣ አንተ ሰው?» አለችው ሚስቱ። «ዕዳችንን ከሆነ ክፈትለትና ተሸክሞልን ይሂድ!»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ስለ እትዬ ቤት አልነገራትም። ለማንም አልነገረም። ሆድ ይፍጀው እንዳለ ሆዱ ፈጀው።

አሥራ ሁለተኛው በር ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ወረቀቱን እንደ ልማዱ ለሾፌሩ አቀበለ። መኪናው ከወፍጮ ቤቱ ጋ ወደ ግራ ሲታጠፍ «እዚህ ብዙ ሰው ነው የሚኖረው» አለ በልቡ። ሁለተኛውን ሲታጠፍ ላብ አጠመቀው። መኪናው ቆመ። የእትዬ መስኮት ላይ፣ ነጩ መጋረጃ እንደ ሁልጊዜው ተተኩሶ ተሰቅሏል።

«ወረቀቱን ልየው» አለ።

ሾፌሩ ሰጠው። አነበበ። የእትዬ ስም ነው። አበዳሪው አውቆ ነው የላከው ወይስ ጸሐፊው ሳያገናዝብ? ይህንን እስከ ዛሬ አያውቅም። ያኔ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራ ላይ ትሁን፣ አምላኬ ሥራ ላይ ትሁን። ወዲያው ደግሞ ማታ ደክሟት ስትመለስ ቤቷን ባዶ ስታገኝ ታየው።

«ባለሙያው፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለ አስፈጻሚው።

ያንን ቁልፍ የገጠመላት እሱ ነው። ከሚሸጣቸው ሁሉ እልኸኛውን መርጦ። አልከፈት አለኝ ቢል ወዛደሮቹ በሩን በድጅኖ ይገነጥሉታል። መሣሪያውን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ዝም ብሎ ያንቀጫቅጭ ጀመር፤ ሊከፍትም ላለመክፈትም አልነበረም፣ ደቂቃ ለመግዛት ነው።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። እትዬ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ገና መምጣቷ ነው፤ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት አብጧል።

«አንተ ልጅ! ምን ያስቧጭርሃል? ማንኳኳት ተረሳህ?»

ከዚያ ከጀርባው የቆሙትን አየች። አስፈጻሚው የያዘውን አነበበላት፤ ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት። እሷ ሰምታ ጨረሰችና ሳቀች። «ተሳስታችኋል፣ ልጄ። ያ ብድር ተከፍሎ አልቋል። እንኳን ወንድሜ አብሯችሁ ሆነ!» ክንዱን ያዘችው። «ንገራቸው እንጂ! ምን ይዘጋሃል?»



«ማስጠንቀቂያው ሦስት ጊዜ ደርሶዎታል ይላል፣ እናቴ» አለ አስፈጻሚው ቅጂውን እየዘረጋ። «ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

መነጽሯን ከደረት ኪሷ አወጣች። አየች። ወደ ዓይኗ አቅርባ ደግማ አየች። የእሱን የእጅ ጽሑፍ ከራሷ ይልቅ ታውቀዋለች። ክንዱን የያዘው እጇ ላላ፤ ግን አልለቀቀችውም።

አይደለም ካለች እሱ ወኅኒ ይወርዳል። ነው ካለች አልጋዋ አሁኑኑ ደጅ ይወጣል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ምን እንደምትል ያውቅ ነበር። ልጅ ሳለ የጎረቤት መስኮት ሲሰብር «እኔ ነኝ» ብላ የተገረፈች ናት። አሥራ አንድ በር ሲከፍት፣ በየኮቴው ሲባንን፣ እስር ይሆናል የምፈራው ሲል ኖሯል። ለካስ የፈራው ይህንን ነው። እሺ ብላ እንዳትሸከምለት።

አፏን ከፈተች። «አዎ፣ የእ...»

«እኔ ነኝ የፈረምኩት።» ድምፁ ከሌላ ሰው የወጣ መሰለው። «እሷ አላየችውም። አንዱንም አላየችውም።»

አስፈጻሚው ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። ማኅደሩን አጠፈ። ወዛደሮቹን እንዳይገቡ በእጁ ከለከለና «ማስጠንቀቂያ ካልደረሳቸው ዛሬ ዕቃ አይወጣም» አለ። «እንደ አዲስ ይታያል። አንተ ግን ከእኔ ጋር ጣቢያ ሄደህ ቃልህን ትሰጣለህ።»

እትዬ መነጽሯን አወለቀች። «ስንት ነው?»

ሠላሳ የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው። «ከነወለዱ መቶ አርባ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

«ሦስት ደብዳቤ» አለች በዝግታ። «ሦስቱንም ጊዜ እኮ፣ በእሑዱ እዚህ መጥተህ ምሳ በልተሃል።»

«እትዬ...»

ክንዱን ለቀቀችው። ወደ ውስጥ ገባች። እሱ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ላይ፣ ከወዛደሮቹ መሐል ወጥቶ ተቀመጠ። ሞተሩ ገና አልተነሣም። ቁልፉ ከውስጥ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛም ዞረ። ከዚያ መቀርቀሪያውንም ስትወረውረው ሰማ።