ቀበሌ ግቢ ሥራ የፈታው መፈልፈያ

ባለፈው ሳምንት ከአምቦ ወደ ነቀምቴ ስሄድ አውቶቡሳችን ጌዶ ላይ ቆመ። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ አንድ ዕቃ በገመድ ያስራል፤ መዘውር ያለው የእጅ በቆሎ መፈልፈያ ነበር። የዕቃው ባለቤት የሆነች ሴት ከታች ቆማ «ቀስ፣ ጥርሱ እንዳይጣመም» ትለዋለች። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ «ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። የቀረውን ታሪክ ለመጀመር ሳመነታ ባኮ ደርሰን ወረዱ።

ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩ በዓመቱ አምቦ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጥሮ፣ ከጌዶ ወደ ባኮ በሚወርደው መንገድ ዳር ወዳለች ቀበሌ ላከኝ። እዚያ ሴቶቹ በቆሎ የሚፈለፍሉት በእጃቸው ነበር። አውራ ጣታቸው ይላጣል፤ ሳይፈለፈል የዘገየውን ደግሞ ነቀዝ ይጀምረዋል። እኔ ያሰብኩት ቀላል ነገር ነው። ድርጅቱ አንድ መፈልፈያ ይሰጣል፤ የተገለገለችበት ሴት አንድ ጣሳ በቆሎ ትተዋለች፤ በተጠራቀመው ማሽኑ ይጠገናል፣ ውሎ አድሮም ሁለተኛ ይገዛል። በስብሰባ ላይ ድምፄን አውጥቼ የተናገርኩበት የመጀመሪያ ጉዳይ ስለነበር አለቃዬ ገርሟቸው መሰለኝ ፈቀዱ። «እስከ ጥር መጨረሻ ሥራ ካልጀመረ ግን መኪና ልኬ አስመልሰዋለሁ» አሉ።

ማሽኑን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግቢ አስቀመጥኩት። አጥር አለው፣ የዋርካ ጥላ አለው፣ ለሁሉም መንደር አማካይ ነው። የሴቶቹን ስም በፊደል ተራ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩና አጠገቡ ተቀምጬ መጠበቅ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ሴቶቹ ከወንዝ ሲመለሱ በአጥሩ ክፍተት ያዩኛል፣ «አካም ጅርታ» ብለው ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ያልፋሉ። አንዲትም አልገባችም። ጥር ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ተነስቼ የሴቶች እድር ዕቃ ጠባቂ ወደሆኑት ወደ አዴ ጫልቱ ቤት ሄድኩ።

አዴ ጫልቱ ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋር የበቆሎ ክምር ከበው ይፈለፍላሉ። ዱካ አቀረቡልኝ፤ አንድ ራስ በቆሎም እጄ ላይ አደረጉልኝ። ጥቂት ፈልፍዬ አውራ ጣቴ ሲያቃጥለኝ፣ «ማሽኑን አልወደዳችሁትም?» አልኩ።

«የት አይተነው ነው የምንወደው?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ቀበሌ ግቢ ነው እኮ። በሩም ክፍት ነው።»

አዴ ጫልቱ የያዙትን በቆሎ አስቀመጡ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እዚያ ግቢ የገባሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ በድንበር ተከስሼ፣ አንዴ በሬዬ የሰው ማሳ በልቶ።»

በስተቀኛቸው ያለችው ወጣት ሴት ቀጠለች። «እኔ ብገባ ገና በሩን ሳላልፍ ባሌ ይሰማል። ‹ሚስትህን ማን ከሰሳት?› ይሉታል። እሱ ደግሞ ክሱ እስኪገኝ ራት አይበላም።» ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።

«ታዲያ የት ይሁን?» አልኩ።

«እድር ቤት። ድንኳኑና ድስቱ ያለበት። ከዚያ እንደ ድስቱ በተራ ወደየቤታችን እንወስደዋለን» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል በሚል ድምፅ።

ለማሽኑ የፈረሙት ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹ ነበሩ። ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገብቼ ሴቶቹ ያሉትን ነገርኳቸው።

«በፊርማዬ የገባ ንብረት ነው። ከቤት ቤት ሲዞር ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?» አሉ።

«የእድሩ ዕቃ ጠፍቶ ያውቃል?» አልኳቸው።

አገጫቸውን አሻሹ። «አይጠፋም። አምና ለልጄ ሠርግ ተውሰን አንድ ማንኪያ ብናጎድል አዴ ጫልቱ በጉባኤ አስቁመው ቀጡኝ። እኔን፣ ሊቀመንበሩን» አሉና ማሽኑ ለእድሩ እንዲሰጥ ሊፈርሙ ወረቀት ሳቡ።

ማሽኑ እድር ቤት ሲገባ በፊደል ተራ የጻፍኩት ስም ዝርዝር ለምንም አላገለገለም። መጀመሪያ አራስ ያለችበት ቤት፣ ቀጥሎ ባሏ የሞተባት፣ ከዚያ እህሉን ነቀዝ የጀመረው ቤት እያሉ ሴቶቹ ተራውን በአንድ ስብሰባ ጨረሱት። ማሽኑም ብቻውን አልሄደም፤ በደረሰበት ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ በተራ መዘውሩን ያዞራል፣ ቆረቆንዳው ለማገዶ ይለቀማል፣ ወሬው ይደራል። የተገለገለችው ጠርጋና ዘይት ቀብታ ትመልሳለች። ይህን እኔ አላቀድኩም፤ በድስቱ የለመዱት ነው።

የጥር የመጨረሻ ቀን ማሽኑን የሚወስደው ሾፌር መጣ። ግቢው ባዶ ነው። ሾፌሩን ይዤ አራት ቤት ዞርን፤ በየደረስንበት «አሁን ወጣ» ይሉናል። ሾፌሩ አምስተኛው ላይ ሳንደርስ ደክሞት፣ «ሥራ ላይ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ወደ አምቦ ተመለሰ።

ያ ሥራ በእኔ ስም ነው የተመዘገበው። ማን እንደፈጠረው ግን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ከሰሞኑ ጉዞዬ ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝና ለአዴ ጫልቱ ደወልኩ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እያያችሁኝ ስታልፉ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳቸው።

«ምን ብለን? በየቀኑ እዚያ ግቢ ተቀምጠሽ ስናይሽ የተከሰስሽ መስሎን ነበር። ‹ምን አጥፍታ ይሆን፣ ገና ልጅ ናት› እያልን እናዝንልሽ ነበር» አሉኝ።

ላግዛቸው ሄጄ ሲታዘንልኝ መክረሜን ማወቅ ያስቃል፤ ትንሽም ያሳፍራል። አሁን አዲስ ቀበሌ ስደርስና ወንበር ሲያቀርቡልኝ፣ ከመቀመጤ በፊት እጠይቃለሁ፦ እዚህ ቦታ የሚቀመጠው ምን የሆነ ሰው ነው?