ደብዳቤው በየት ይመጣ ነበር

መጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ የቢሮው ባለሙያ ሄኖክ ጂፒኤስ አስያዘኝ። "እማማ፣ ይቺ ያለንበትን ቦታ ትናገራለች" አለኝ።

"ያለንበትንማ እኔም አውቀዋለሁ ልጄ፤ የጠፋብን ሌሎች የነበሩበት ነው" አልኩት። ሳቀና መልሶ ተቀበለኝ።

ሥራችን ሰው የለቀቃቸውን መንደሮችና ድሮ የነበሯቸውን ፖስታ ቤቶች ፈልጎ ካርታ ላይ ማስገባት ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። የቀጠሩኝ ለእግሬ ብለው ነው። ኮረሪማ ይዤ ከቢታ ገነት ደካ፣ ከደካ ቦንጋ ስዞር ነው ያረጀሁት።

አዲስ ለምትገቡ ልንገራችሁ። ጫካ ውስጥ ቡና ብታዩ አትደሰቱ፤ ቡና እኛ ዘንድ በራሱ ይበቅላል። ባሕር ዛፍ ካያችሁ ግን ቁሙ፤ ሰው ተክሎታል። የቆጮ ጉድጓድ ካገኛችሁማ የሰው ጓሮ ገብታችኋል።

ከሁሉ የማልረሳው የጋሽ ወልዴን መንደር ነው። ጋሽ ወልዴ እዚያ የፖስታ ወኪል ነበሩ። ዛሬ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ደካ ልጃቸው ቤት ተቀምጠዋል። ልጃቸው ብርቄ እኛው ፊት ቀለደችባቸው፦ "አባዬ፣ እዚያ ጫካ ውስጥ ደብዳቤ የምታድለው ለጉሬዛ ነበር እንዴ?"

ሽማግሌው አልሳቁም። "ሳልሞት ጻፉልኝ" አሉን። "ቦታው ወንዙ ዳር ነው።"

ገበያ ስሄድ ወንዙን ወደምሻገርበት መልካ ሄኖክን ወሰድኩት፤ ልቤ ሙሉ ነበር። ሣር ስንገልጥ ዋልን፤ አንድም ምልክት የለም። ሄኖክ ፎርሙ ላይ "አልተረጋገጠም" ብሎ ጻፈ። "ሰኞ ይላካል እማማ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ካርታ ላይ አይገባም" አለኝ። አፈርኩ።

በማግስቱ ብቻዬን ጋሽ ወልዴ ዘንድ ተመለስኩ። "ፖስታ የምትጭነዋ በቅሎ መልካውን ስትሻገር ውሃው የት ድረስ ይደርስባት ነበር?" አልኳቸው።

"በመልካው?" ተቆጡ። "አንቺ ሴትዮ፣ ኮረሪማሽ ቢረጥብ ታሰጪዋለሽ፤ የሰው ደብዳቤ ቢረጥብስ? በቅሎዋ ሽቅብ ዞራ በእንጨት ድልድዩ ነበር የምትመጣው።"

ዘልዬ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። በገበያተኛ መንገድ ፖስታ ስፈልግ ነበር ለካ!

ሄኖክን ጎትቼ የድልድዩን ቦታ ፍለጋ ወንዙን ይዘን ሽቅብ ወጣን። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን ባሕር ዛፍ! አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ በመስመር! ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ሲቀመጥባቸው ለስልሰዋል። ፊት ለፊታቸው አሮጌ ዋንዛ፣ ግንዱ ላይ የተመታ የዛገ ቆርቆሮ፣ የፖስታ ሣጥን ጀርባ። ሄኖክ "እማማ! እማማ!" ይላል፣ እኔ እልል እላለሁ፣ ጉሬዛዎቹ ከላይ ይጮኻሉ።

ደካ ስንደርስ ሄኖክ ፎቶውን ሳያሳይ ጋሽ ወልዴን ጠየቃቸው፦ "የፖስታ ሣጥኑን በስንት ምስማር መቱት?"

"በሦስት። አራተኛው ተጣሞብኝ ተውኩት።"

ስልኩን ዘረጋላቸው። ሦስቱ ማዕዘን ላይ ምስማር አለ፣ አራተኛው ላይ ባዶ ቀዳዳ። ብርቄ አጎንብሳ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። "አባዬ" አለች።

"ጉሬዛዎቹስ ደህና ናቸው?" አሏት።

ሄኖክ እዚያው ቆሞ "አልተረጋገጠም" የሚለውን ሰርዞ የመንደሩን ስም ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ፖስታ ቤቱ የት ነበር ብዬ አልጠይቅም። ደብዳቤው በየት ይመጣ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።