ከእትዬ ዘይነባ ጋር ጎረቤት ለመጠየቅ፦ ከወልድያ እስከ ግራና

ቅዳሜ ጠዋት ከወልድያ መናኸሪያ በመርሳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የጡት ካንሰር ታማሚ ነኝ። ድባቴ የያዘን ታማሚዎች በየሳምንቱ ተሰብስበን፣ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ እየመራችን፣ የሚያስጨንቁንን ሐሳቦች እንመረምራለን። ከመካከላችን የግራናዋ እትዬ ዘይነባ «ጎረቤቶቼ ተጠይፈውኛል» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

«ይህን አይተውት ነው ወይስ አስበውት?» አለቻቸው ባለሙያዋ። አንዷን ጎረቤት ሄደው እንዲጠይቁም የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። ብቻቸውን ፈሩ። «አብሬዎት እሄዳለሁ» አልኩ።

ሲሪንቃን አልፈን መርሳ ገባን። ከዚያ ስኳር ገዝቼ በባጃጅ የጠጠሩን መንገድ ያዝኩ። ሌሊት ዘንቦ መንገዱን ስለቦረቦረው ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር የቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ቆጠቆጠኝ። ግራና ስንቃረብ ግን የማንጎውና የፓፓያው ልምላሜ ሕመሜን አስረሳኝ።

እትዬ ዘይነባ በሩን ገርበብ አድርገው «ዛሬስ ይቅር፣ አሞኛል» አሉኝ።

«እንግዲያው እስኪሻልዎ እዚሁ ደጅ ላይ እጠብቃለሁ።»

ሳቅ አመለጣቸው። ሻላቸውን ደርበው ወጡ።

ጎረቤታቸው ሐሊማ ጓሮዋ ውስጥ ሽንኩርት ትነቅላለች። እትዬ ዘይነባ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ሐሊማ፣ በሽታዬ ያስጠይፍሻል? ለምንድን ነው የቀረሽብኝ?» አሏት።

ሐሊማ ሽንኩርቱን ጣለችው። «አስተግፊሩላህ! ምነው አንቱ! በርዎ ሁልጊዜ ተዘግቶ ሳየው ሰው አይፈልጉም ብዬ ነው እንጂ! ስንቴ ደጅዎ ደርሼ ተመለስኩ!»

እትዬ ዘይነባ በሩን የሚዘጉት ሰዎች ሊያዩኝ አይወዱም ብለው ነበር። ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔ ፊቴን ወደ ፓፓያው አዞርኩ።

ምሳ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ሐሊማ ቤት በላን። ለወትሮው ምግብ የማይቀምሱት እትዬ ዘይነባ ወጥ አስጨመሩ። ስንወጣ ጠጋ ብለውኝ፣ «የማዶዋ ጎረቤቴ ግን እውነትም ትጠየፈኝ ይሆናል» አሉ።

«እሷንም እንጠይቃታለና!»

«ኢንሻአላህ» አሉ እየሳቁ።

ወደ ማታ ወልድያ ተመለስኩ። ሕመማችን ዛሬም ከእኛ ጋር ነው፤ የሕክምና ቀጠሮውም አልቀረም። ያሰብኩትን ሁሉ እንዳየሁት መቁጠር ግን ከበሽታው ሌላ የራሱ ስቃይ እንዳለው ግራና ላይ ገባኝ። እህቴ መደወል ከተወች ቆይታለች፤ እኔም ሰልችቻታለሁ ብዬ ደምድሜ ነበር። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩላት። ገና አንዴ ሲጠራ አነሳችው።