በጉም ውስጥ የነፈግሁት ሰላምታ

ልጅ ሳለሁ፣ ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ጠቅልሎ ሳይሄድ፣ አያቴ መሪጌታው ማታ ማታ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው አንድ ተረት ይደጋግሙልን ነበር። ቡትቶ የለበሰ መንገደኛ ይመጣል፤ ሀብታሙ ያባርረዋል፣ ድኻዋ እግሩን ታጥበዋለች፤ ሲነጋ መንገደኛው መልአክ ሆኖ ይገኛል። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ለመልአኩ ያለቀስን እየመሰለን እንሰማ ነበር። ጠዋት ደግሞ እኚሁ ሰው፣ «ከአልዩ አምባ የሚወጡትን ነጋዴዎች ሰላም እንዳትይ፤ የቆላ ንዳድ በትንፋሽ ይጋባል» ይሉኝ ነበር።

ያኔ ከአልዩ አምባ ወደ እኛ አንኮበር የሚያወጣው የገደል መንገድ ሁለት ጭነት ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ የገዛ እጅ አይታይም። ስለዚህ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ከየጥምዝማዛው በፊት ጮክ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ከላይ ያለው መልሶ ወደ ዓለቱ ይጠጋል። መልስ ከሌለ መንገዱ ባዶ ነው።

አንድ ቀን ወደ ተሲያት፣ ጭራሮ ልለቅም ስወርድ፣ «ደህና ዋላችሁ? ማን አለ ከላይ?» የሚል ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ዝም አልኩ። ደገመ። ዝም አልኩ። አሞሌ ጨው የጫነች አህያ ድንገት ከፊቴ ብቅ አለች፤ እኔን አይታ በረገገች፤ የኋላ እግሯ መንገዱን ሳተ። ስትወድቅ የሰማሁትን አልጽፈውም።

ከኋላዋ የደረሰው ባለቤቷ ጎልማሳ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበር። ሌላ አህያ አልነበረችውም። ወደ ገደሉ ጎንበስ ብሎ አየ።

«አንቺ ልጅ፣ አፍ የለሽም?»

«አያቴ ከቆላ ሰው ጋር አታውሪ ብለውኛል።»

«ለእኔስ ይቅር። ለአህያዋ እንኳ ‹አለሁ› ብትያት ምን ነበር?»

ከዚያ የዱላውን ጫፍ አስይዞ በጉሙ ውስጥ እየመራ ቤቴ አደረሰኝ። አያቴ እጄን ይዘው አስገቡኝና በሩን ዘጉበት፤ ውሃ እንኳ አላሉትም።

ማታ ያንኑ ተረት ጀመሩ። መንገደኛው ደጃፍ ላይ ሲደርስ፣ «አባባ፣ መልአኩም ከአልዩ አምባ ነው የመጣው?» አልኳቸው። በጥፊ መቱኝ።

ከዚያ አገር ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ በአብዛኛው እንግዳው በመጨረሻ ወይ ንጉሥ ነው ወይ ቅዱስ። ባለ አህያ ብቻ ሆኖ የሚቀርበትን ታሪክ ለመጻፍ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ይፈራሉ። መልአክ ይሆናል ብሎ ሰላም ያለ፣ ሰላም ያለው ሰውን አይደለም፤ የሚጠብቀውን ዋጋ ነው። እኔ ሰው አልወድም፤ ይህን ጎረቤቶቼ ሁሉ ያውቁታል። ሆኖም በመንገድ «እንዴት ዋልሽ» የሚለኝን ሁሉ፣ ሰካራሙንም ጭምር፣ ፊቴን እንዳኮሳተርኩ፣ ሳልዘገይ፣ «አለሁ» እለዋለሁ።